የፓሲቭ ማጣሪያ ትምህርት በመማሪያ መጻሕፍት፦ ሂሳዊ ግምገማ

መግቢያ

ከኤሌክትሪክ ትምህርት ክፍሎች መካከል እንደ ማጣሪያ ሰርኪዩት በቀመር ተጀምሮ በቀመር የሚያልቅ ርእስ ጥቂት ነው። ተማሪው ሬዚስተርና ካፓሲተር በተርታ የተያያዙበትን ሥዕል ያያል። ከሥዕሉ ሥር የመቁረጫ ድግግሞሽ ማስሊያ ተጽፎለታል። ቁጥሮቹን ተክቶ መልሱን ያወጣል፤ በፈተናም ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ይኸው ተማሪ በጥገና ክፍል ውስጥ በሚያጉረመርም ራዲዮ ፊት ሲቀመጥ ግን የትኛው ካፓሲተር እንደ ደከመ፣ የደከመው ካፓሲተርስ ስለምን ራዲዮውን እንዳስጮኸው ለመናገር ይቸገራል። ቀመሩን ያውቃል፤ ሰርኪዩቱን ግን አላወቀውም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ጉድለት የተማሪው ስንፍና ውጤት ሳይሆን የአቀራረቡ ውጤት መሆኑን ማሳየት ነው። ግምገማው የሚያተኩረው በአንድ መጽሐፍ ላይ ሳይሆን በብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ዘንድ እንደ ልማድ በተያዘው የአገላለጽ ሥርዓት ላይ ነው። በመጨረሻም ከዚህ ልማድ ወጣ ያለ አንድ የታወቀ መጽሐፍ ተነጻጽሮ ይቀርባል፤ ውድ መሣሪያ የሌለው ትምህርት ቤት ሊያደርገው የሚችለውም ይመለከታል።

1. ማጣሪያው ለምን ተፈለገ?

የልማዱ የመጀመሪያ ጉድለት ርእሱን ከተወለደበት ችግር ነጥሎ ማቅረቡ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የስልክ መሐንዲሶች በአንድ ጥንድ ሽቦ ከአንድ በላይ ንግግር ለማስተላለፍ ይጥሩ ነበር። ለዚህም እያንዳንዱን ንግግር በየራሱ የድግግሞሽ ክልል ልኮ፣ በሌላው ጫፍ አንዱን ከሌላው መለየት አስፈለገ። በአሜሪካ ጆርጅ ካምቤል፣ በጀርመን ካርል ቪሊ ቫግነር፣ እ.ኤ.አ. በ1915 ገደማ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳይከተል ከኢንዳክተርና ከካፓሲተር የተቀናበረ የሞገድ ማጣሪያ አቀረቡ። ካምቤል የፈጠራ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1917 አገኘ። ኦቶ ዞበል እ.ኤ.አ. በ1923 የአነዳደፉን ዘዴ አስፋፋ። እስቲቨን ባተርወርዝም እ.ኤ.አ. በ1930 በሚያሳልፈው ክልል ውስጥ በተቻለ መጠን ለጥ ያለ ምላሽ የሚሰጥ ማጣሪያ እንዴት እንደሚነደፍ አሳየ።

ይህ ታሪክ ለጌጥ የሚጠቀስ አይደለም፤ በውስጡ ትልቅ የትምህርት ቁም ነገር አለ። በዚያ የስልክ አሠራር ለአንድ ንግግር የሚያስፈልገው ክልል ከ300 እስከ 3,400 ሄርዝ ሲሆን፣ የተመደበለት ቦታ ግን 4,000 ሄርዝ ነበር። በአንዱ ንግግር ማብቂያና በሚቀጥለው መጀመሪያ መካከል የቀረው 900 ሄርዝ ባክኖ የቀረ አይደለም። ማጣሪያ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ስለማይቆርጥ፣ እየተዳከመ የሚወርድበት ሜዳ ያስፈልገዋል። ይህን ከመነሻው የተረዳ ተማሪ ከዚህ በታች ከሚዘረዘሩት ስሕተቶች ብዙዎቹን አይሠራም።

2. የወንፊቱ ምሳሌ

ሁለተኛው ጉድለት የምሳሌ ነው። «ማጣሪያ» ሲባል ወደ ተማሪው አእምሮ ቀድሞ የሚመጣው ወንፊት ወይም የጠላ ማጥለያ ነው። መጻሕፍቱም ይህን ምሳሌ ያጸድቁታል፤ መምህሩም ይደግመዋል። ምሳሌው ለመነሻ ያህል ያገለግላል፤ እንደ ማብራሪያ ሲወሰድ ግን ሦስት ነገሮችን ያሳስታል። ወንፊት የሚለየው በመጠን ነው፤ ሰርኪዩቱ ግን የሚለየው በጊዜ ነው። ወንፊት ወይ ያሳልፋል ወይ ያስቀራል፤ ሰርኪዩቱ ግን ሁሉንም በተለያየ ልክ ያሳልፋል። በወንፊት ላይ እንክርዳዱ ይቀራል፤ በሰርኪዩቱ ውስጥ ግን «የቀረ» ሞገድ የሚጠራቀምበት ሥፍራ የለም።

ለጉዳዩ የሚቀርበው ምሳሌ በቀጭን ቧንቧ ከግርጌው ከሌላ ገንዳ ጋር የተያያዘ በርሜል ነው። የገንዳው ውኃ በዝግታ ከፍና ዝቅ ቢል የበርሜሉ ውኃ አብሮት ከፍና ዝቅ ይላል። የገንዳው ውኃ በፍጥነት ከፍና ዝቅ ቢል ግን፣ በርሜሉ ከመሙላቱ በፊት ገንዳው ይጎድላል፤ ከመጉደሉ በፊትም ገንዳው ይሞላል። ስለዚህ የበርሜሉ ውኃ በአማካዩ ከፍታ ላይ ጥቂት ብቻ እየተወዛወዘ ይቆያል። የቧንቧው ቅጥነት የሬዚስተሩ፣ የበርሜሉ ስፋት የካፓሲተሩ ምሳሌ ነው። የሁለቱ ብዜት ጊዜ ነው፤ የሰርኪዩቱ ጠባይ ሁሉ የሚለካውም በዚህ ጊዜ ነው።

ከዚህ ምሳሌ ሌላም ትምህርት ይገኛል። በገንዳውና በበርሜሉ ከፍታ መካከል ያለው ልዩነት በሬዚስተሩ ላይ የሚገኘው ቮልቴጅ ምሳሌ ነው። በዝግታ ለሚለዋወጥ ሞገድ ልዩነቱ ትንሽ፣ በፍጥነት ለሚለዋወጥ ግን ትልቅ ነው። እንግዲህ መውጫው ከካፓሲተሩ ላይ ቢወሰድ ዝቅተኛ ድግግሞሽ አሳላፊ፣ ከሬዚስተሩ ላይ ቢወሰድ ከፍተኛ ድግግሞሽ አሳላፊ ይሆናል። በማንኛውም ቅጽበት ሁለቱ ሲደመሩ የመግቢያውን ቮልቴጅ ይሰጣሉ። ብዙ መጻሕፍት ሁለቱን በሁለት ምዕራፍና በሁለት ቀመር እንደ ሁለት የተለያዩ መሣሪያዎች ሲያቀርቧቸው፣ ተማሪው አንድ ሰርኪዩት ከሁለት ወገን መታየቱን ሳያውቅ ይቀራል።

3. «መቁረጫ» የሚለው ቃል

ሦስተኛው ጉድለት የቃል ነው። «የመቁረጫ ድግግሞሽ» የሚለው ስያሜ ከዚህ ቁጥር በታች ያለው ሁሉ እንደሚያልፍ፣ በላይ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ ያስመስላል። የ10,000 ኦም ሬዚስተርና የ0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ይወሰድ። የሁለቱ ብዜት 1 ሺኛ ሰኮንድ ነው። አንድ ለሁለት ፓይና ለዚህ ጊዜ ብዜት ሲካፈል 159 ሄርዝ ይገኛል። በመግቢያው 1 ቮልት ቢሰጥ በመውጫው የሚገኘው እንደሚከተለው ነው፦

በ16 ሄርዝ፣ ከ0.99 ቮልት በላይ፤
በ50 ሄርዝ፣ 0.95 ቮልት፤
በ80 ሄርዝ፣ 0.89 ቮልት፤
በ159 ሄርዝ፣ 0.71 ቮልት፤
በ318 ሄርዝ፣ 0.45 ቮልት፤
በ1,590 ሄርዝ፣ 0.1 ቮልት።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ ምንም የሚቆረጥ ነገር የለም። በ80 ሄርዝ መዳከም ተጀምሯል፤ በ318 ሄርዝ ግማሽ ያህሉ ገና አለ። 159 ሄርዝ መስመሩ አቅጣጫውን የሚለውጥበት ማጠፊያ እንጂ መቁረጫ አይደለም። ከዚያ በላይ ድግግሞሹ 10 እጥፍ በጨመረ ቁጥር ቮልቴጁ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል፤ ይህም በዴሲቤል 20 ነው። በመሆኑም «የመታጠፊያ ድግግሞሽ» የሚለው አጠራር ለእውነታው ይቀርባል።

በዚሁ ነጥብ ላይ መጻሕፍቱ ሳይመልሱት የሚያልፉት አንድ ጥያቄ አለ። በ159 ሄርዝ የካፓሲተሩ ተቃውሞ ከሬዚስተሩ ጋር እኩል 10,000 ኦም ነው። ሁለት እኩል ተካፋዮች ከሆኑ ስለምን ግማሽ ግማሽ ቮልት አይደርሳቸውም? 0.71 ቮልትስ ከወዴት መጣ? ንቁ ተማሪ ይህን ይጠይቃል፤ «ቀመሩ እንዲህ ይላል» የሚል መልስ ሲሰጠው ደግሞ መጠየቁን ይተዋል። መልሱ በጊዜ ልዩነት ላይ ነው። የሁለቱ ቮልቴጆች ጫፍ በአንድ ቅጽበት አይደርስም፤ አንዱ ጫፍ ሲደርስ ሌላው በዜሮ ያልፋል። ስለዚህ የሚደመሩት እንደ ተራ ቁጥር ሳይሆን እንደ ማእዘናዊ ሦስት ማእዘን ሁለት ጎኖች ነው። 0.71 በራሱ ተባዝቶ ግማሽ፣ ግማሽና ግማሽ ደግሞ አንድ ይሆናል። ተማሪው በጂኦሜትሪ ትምህርት የተማረው የፒታጎራስ ሕግ እዚህ ሥራ ላይ ሲውል ማየቱ ለሁለቱም ትምህርት ጥቅም አለው። በዚህ ነጥብ ላይ የመውጫው ሞገድ ከመግቢያው በ45 ዲግሪ ወደ ኋላ መቅረቱም ከዚሁ ይከተላል።

4. ብቸኛው ሰርኪዩት

አራተኛውና በሥራ ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ጉድለት ማጣሪያውን ብቻውን ማቅረብ ነው። በመጽሐፉ ሥዕል ላይ መውጫው ወደ ባዶ ቦታ የተከፈተ ሁለት ነጥብ ነው። በሥራ ላይ ግን ከመውጫው ጋር ሁልጊዜ ሌላ ነገር ይያያዛል።

ከላይ በተጠቀሰው ሰርኪዩት መውጫ ላይ 10,000 ኦም የሆነ ጭነት ቢያያዝ ሁለት ለውጦች ይከተላሉ። በዝቅተኛ ድግግሞሽ የሚገኘው 1 ቮልት ወደ ግማሽ ቮልት ይወርዳል። ካፓሲተሩ የሚያየው ሬዚስታንስም 5,000 ኦም ስለሚሆን መታጠፊያው ከ159 ወደ 318 ሄርዝ ይሄዳል። ቀመሩን በትክክል የሠራው ተማሪ በሁለቱም መልስ ተሳስቷል ማለት ነው።

ሌላው ምሳሌ የሁለት ማጣሪያዎች መቀጣጠል ነው። ተማሪው በ159 ሄርዝ አንዱ ማጣሪያ 0.71 ካሳለፈ ሁለቱ 0.5 ያሳልፋሉ ብሎ ያባዛል። ሁለቱ ተመሳሳይ ክፍሎች በቀጥታ ሲያያዙ በእውነት የሚገኘው ግን አንድ ሦስተኛ ነው፤ ሁለተኛው ክፍል የመጀመሪያውን ስለሚጫነው ነው። ሞገዱ ወደ 0.71 የሚወርድበት ነጥብም፣ ክፍሎቹ ባይጫጫኑ ኖሮ በ102 ሄርዝ ይሆን የነበረው፣ ወደ 60 ሄርዝ ይወርዳል። ይህን ያልተማረ ቴክኒሽያን ሰርኪዩቱን ሠርቶ ሲለካ ልኬቱ ከስሌቱ አይስማማለትም፤ መሣሪያውን ወይም ራሱን ይጠራጠራል። ሊጠራጠር የሚገባው ግን የተማረበትን ሥዕል ነበር።

5. «ፓሲቭ» ማለት ምን ማለት ነው?

አምስተኛው ነጥብ የርእሱን ስም ይመለከታል። ፓሲቭ የሚባለው ማጣሪያ ከሬዚስተር፣ ከካፓሲተርና ከኢንዳክተር ብቻ የተሠራ፣ የራሱ የኃይል ምንጭ የሌለው ነው። ከዚህ ተነሥተው አንዳንድ መጻሕፍት የመውጫው ቮልቴጅ ከመግቢያው ፈጽሞ ሊበልጥ እንደማይችል ይደነግጋሉ። ይህ ድንጋጌ ስለ ኃይል ሲነገር እውነት ነው፤ ስለ ቮልቴጅ ሲነገር ግን ስሕተት ነው።

የ10 ሚሊሄንሪ ኢንዳክተርና የ1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በተርታ ቢያያዙ፣ የጠቅላላው ሬዚስታንስ መጠንም 10 ኦም ቢሆን፣ ሰርኪዩቱ በ1,590 ሄርዝ ገደማ ይስተጋባል። በዚህ ድግግሞሽ የእያንዳንዳቸው ተቃውሞ 100 ኦም ሲሆን፣ አንዱ የሌላውን ስለሚያጠፋ ጅረቱን የሚገታው 10 ኦሙ ብቻ ነው። ስለዚህ 1 ቮልት ሲሰጠው በካፓሲተሩ ላይ 10 ቮልት ይገኛል። ትርፉ ከየትም አልመጣም፤ በኢንዳክተሩና በካፓሲተሩ መካከል የሚመላለስ የተጠራቀመ ኃይል ነው። ዥዋዥዌ በወቅቱ እየተገፋ ከአንዱ ግፊት አቅም በላይ ከፍ እንደሚል ያለ ነው። ይህ ዕውቀት ቅንጦት አይደለም፤ የካፓሲተሩን የቮልቴጅ ችሎታ በመግቢያው ልክ ብቻ የመረጠ ሰው ካፓሲተሩን ያጠፋዋል።

6. ለንጽጽር የሚቀርብ መጽሐፍ

ከተለመደው ሥርዓት ለወጡ መጻሕፍት ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው የፖል ሆሮዊትዝና የዊንፊልድ ሂል «ዚ አርት ኦፍ ኤሌክትሮኒክስ» ነው። ይህ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1980 ታትሞ፣ ሁለተኛው እትም በ1989፣ ሦስተኛው በ2015 ወጥቷል። መነሻውም በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ የላቦራቶሪ ትምህርት ነው።

የመጽሐፉ ብልጫ በቅደም ተከተሉ ላይ ይታያል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ቮልቴጅ አካፋይ ይቀርባል፤ ወዲያውም ጭነት ሲያያዝ አካፋዩ ምን እንደሚሆን ይብራራል። ቀጥሎ ካፓሲተር በሬዚስተር በኩል እንዴት በጊዜ እንደሚሞላና እንደሚጎድል ይታያል። ድግግሞሽና ማጣሪያ የሚመጡት ከዚህ በኋላ ነው፤ ማጣሪያውም ከድግግሞሽ ጋር የሚለዋወጥ አካፋይ ሆኖ ይቀርባል። ቀጣዩ ሰርኪዩት የቀደመውን እንዳይጫን ኢምፒዳንሱ ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን የሚለው የሥራ ደንብም ለተማሪው ቀድሞ ይሰጠዋል። በዚህ ደንብ መሠረት ለ10,000 ኦም ምንጭ የ100,000 ኦም ጭነት ቢያያዝ የሚጠፋው 9 በመቶ ያህል ብቻ ነው።

ሆኖም መጽሐፉ እንዳለ ተወስዶ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሁን ማለት አይቻልም። የተጻፈው ኦሲሎስኮፕና የሞገድ ማመንጫ በጠረጴዛው ላይ ላለው ተማሪ ነው። አጻጻፉ የተቀዳጀ ተማሪን ያስባል፤ ፍጥነቱም በዚያው ልክ ነው። ሊወሰድ የሚገባው ገጹ ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ነው፤ በመጀመሪያ ጊዜ፣ ቀጥሎ ጭነት፣ በመጨረሻ ቀመር።

7. ያለ ኦሲሎስኮፕ ምን ይቻላል?

ብዙ ጊዜ «መሣሪያ ስለሌለ ርእሱ በቃል ብቻ ይሰጣል» የሚል ምክንያት ይሰማል። ይህ ምክንያት በከፊል እውነት ቢሆንም፣ ሰርኪዩቱ በፍጥነት እንዲሠራ የሚያስገድድ ሕግ የለም። ጊዜው በሰኮንድ እንዲሆን ካፓሲተሩን ማሳደግ ብቻ በቂ ነው።

የ10,000 ኦም ሬዚስተር፣ የ1,000 ማይክሮፋራድና የ16 ቮልት ካፓሲተር፣ የ9 ቮልት ባትሪ፣ መልቲሜትርና የእጅ ሰዓት ይዘጋጁ። የካፓሲተሩ አሉታዊ እግር ከባትሪው አሉታዊ ጫፍ ጋር ይያያዝ። የሬዚስተሩ ነጻ ጫፍ በእጅ እየተዘዋወረ አንድ ጊዜ ከባትሪው አዎንታዊ፣ አንድ ጊዜ ከአሉታዊ ጫፍ ጋር ይነካካ። እዚህ ላይ መምህሩ ሊጠነቀቅለት የሚገባው ነገር ሽቦውን ማላቀቅ ብቻ በቂ አለመሆኑ ነው። ሽቦው ከአሉታዊው ጫፍ ካልተገናኘ ካፓሲተሩ የሚጎድልበት መንገድ አያገኝም፤ ሙከራውም ይበላሻል።

የጊዜው ልክ 10 ሰኮንድ ነው። ሽቦው በየ50 ሰኮንዱ ቢዘዋወር መልቲሜትሩ ከዜሮ አጠገብ ተነሥቶ 9 ቮልት አጠገብ ይደርሳል። በየ10 ሰኮንዱ ቢዘዋወር፣ ከጥቂት ዙር በኋላ በ2.4ና በ6.6 ቮልት መካከል ይመላለሳል። በየሰኮንዱ ቢዘዋወርና ይህም ለአንድ ደቂቃ ያህል ቢቀጥል፣ በ4.3ና በ4.7 መካከል ብቻ ይወዛወዛል። የዚህ ዓይነት ካፓሲተር ትክክለኛ መጠን ከተጻፈበት እስከ 20 በመቶ ሊለይ ስለሚችል ቁጥሮቹ በመጠኑ ይለያያሉ። ነገር ግን ተማሪው ዝግተኛው ሲያልፍ፣ ፈጣኑ ሲዳከም፣ አማካዩም ጸንቶ ሲቆይ በዓይኑ ያያል።

በዚሁ ሙከራ የጭነትም ትምህርት ይገኛል። ዲጂታል መልቲሜትር ብዙውን ጊዜ 10 ሚሊዮን ኦም ስለሆነ ሰርኪዩቱን አይጫነውም። በቮልት 1,000 ኦም የሆነ አሮጌ ባለመርፌ መለኪያ በ10 ቮልት ክልል ቢያያዝ ግን ራሱ የ10,000 ኦም ጭነት ይሆናል፤ 9 ቮልት መድረስ የነበረበትም 4.5 ላይ ይቆማል። ይህን «የመሣሪያ ብልሽት» ብሎ ከማለፍ ይልቅ የትምህርቱ ማእከል ማድረግ ይገባል።

በመግቢያው የተነሣው ራዲዮም መልስ የሚያገኘው ከዚህ በኋላ ነው። በ50 ሄርዝ መብራት የሚሠራ ባለሙሉ ሞገድ አቃኚ ካፓሲተሩን በሰኮንድ 100 ጊዜ ይሞላዋል። ራዲዮው 0.1 አምፔር ቢወስድና ካፓሲተሩ 1,000 ማይክሮፋራድ ቢሆን፣ በሁለት መሙላት መካከል ቮልቴጁ ቢበዛ በ1 ቮልት ያህል ይወርዳል። ካፓሲተሩ በዕድሜ ደርቆ መጠኑ ወደ አንድ አራተኛ ቢያንስ፣ መውረዱ ወደ 4 ቮልት ይጠጋል፤ የ100 ሄርዝ ጉርምርምታውም ይሰማል። በርሜሉ ጠበበ ማለት ነው። ይህን የተረዳ ተማሪ ቀመር ሳይጽፍ የትኛውን ካፓሲተር መለወጥ እንዳለበት ያውቃል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ ከቀረበው ግምገማ ሁለት ነገሮች ይታያሉ። የመጀመሪያው መምህሩን የሚመለከት ነው። ቀመሩ መነሻ ሳይሆን መድረሻ መሆን አለበት፤ ተማሪው ከመስላቱ በፊት ሰርኪዩቱ ምን እንደሚያደርግ በቃሉ ይንገር። የፈተና ጥያቄም «የመቁረጫ ድግግሞሹን ፈልግ» ከማለት አልፎ «ጭነት ቢያያዝ ምን ይለወጣል? ለምን?» ወደማለት ይሻገር።

ሁለተኛው ዕቅድ አውጪውን የሚመለከት ነው። ለጥቂት ትምህርት ቤቶች ውድ መሣሪያ መግዛት ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን እስኪገዛ ድረስ ርእሱ በቃል እንዲሰጥ መተው አግባብ አይደለም። አንድ ባትሪ፣ አንድ ሬዚስተር፣ አንድ ካፓሲተርና አንድ መልቲሜትር ለእያንዳንዱ የተማሪዎች ቡድን ቢደርስ፣ በመጽሐፉ ላይ ካለው ሥዕል የማይገኘውን ዕውቀት ይሰጣል። በመምህራን ሥልጠናም ይህ ሙከራ በእጅ ተሠርቶ ሊታይ ይገባል። ሙከራውን ራሱ ሠርቶ ያላየ መምህር ወደ ቀመሩ መመለሱ አይቀርምና።